ዳክዬዋ ወይስ ውሻው? የሠለጠነ ሪትሪቨርን በአደን ቀን ስለ መያዝ

አንድን ሪትሪቨር አሠልጥኖ ለአደን ለማድረስ ሁለት ዓመት ገደማ ይፈጃል፡፡ ያንን ሥልጠና ለማፍረስ ግን አንድ የአደን ወቅት፣ አንዳንዴም ሁለትና ሦስት ቅዳሜ ይበቃል፡፡ ይህን የምለው በየዓመቱ ስለማየው ነው፡፡ በሐምሌና በነሐሴ ልምምድ ሜዳ ላይ እንደ ዘብ ጠባቂ ተቀምጦ ትእዛዝ ይጠብቅ የነበረ ውሻ፣ በታኅሣሥ ተኩስ ገና ሳይሰማ ውኃ ውስጥ ሲገኝ ባለቤቱ “ምን ነካው?” ይላል፡፡ ውሻውን የነካው ነገር የለም፡፡ ያስተማሩትን ተምሮ ነው፡፡

የምኖረው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ግዛት ውስጥ ነው፡፡ እዚህ ከጥቅምት እስከ ጥር መጨረሻ ገደማ፣ በተከፋፈሉ ሳምንታት፣ የዳክዬ አደን ይፈቀዳል፡፡ ከሰሜን ብርድ ሸሽተው የሚመጡት ዳክዬዎች በቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ዙሪያ ባሉ ረግረጎች ያርፋሉ፡፡ የኛ ሰው በብዛት በሚኖርባት ሲልቨር ስፕሪንግ ይህን ሳወራ ሁልጊዜ የሚገጥመኝ ጥያቄ “ደግሞ ዳክዬ ይበላል እንዴ?” የሚል ነው፡፡ መልሱን ለየቤቱ ልተወው፡፡ የዛሬ ጉዳዬ ዳክዬዋን ከውኃ ውስጥ የሚያመጣው ውሻ ነው፡፡ እኛ ውሻን የምናውቀው በግቢ ጠባቂነቱ ስለሆነ ከመሠረቱ ብነሣ ይሻላል፡፡

ሪትሪቨር የሚባሉት ዝርያዎች ሙያቸው ማባረር ወይም መንከስ አይደለም፡፡ አዳኙ ተኩሶ የጣለውን ወፍ ከውኃም ሆነ ከቄጠማ ውስጥ ፈልገው፣ ሳይበጫጭቁ በአፋቸው ይዘው ማምጣት ነው፡፡ ከሁሉም የታወቀው ላብራዶር ሲሆን መነሻው የዛሬዋ ካናዳ ግዛት ኒውፋውንድላንድ ናት፡፡ ዝርያውን መርጠው ያደራጁት ግን የብሪታንያ መኳንንት ናቸው፡፡ ሜሪላንድም የራሷ አላት፡፡ ታሪኩ እ.ኤ.አ. በ1807 በባሕር ዳርቻዋ አደጋ ከደረሰባት መርከብ ከተረፉ ሁለት ቡችሎች ጋር የሚያያዘው ቼሳፒክ ቤይ ሪትሪቨር፣ በ1964 የግዛቲቱ ውሻ ተብሎ ተሰይሟል፡፡ የኔ ውሻ ግን ጥቁር ላብራዶር ነው፡፡ ስሙንም በፈረስ ወግ ጉራች ብዬዋለሁ፡፡

መደበኛ ሥልጠናው በመቀመጥ፣ ሲጠሩ በመምጣትና ከጎን ሆኖ በመሄድ ይጀምራል፡፡ ቀጥሎ ውሻው የያዘውን ነገር ሳያኝክና ሳይጥል እጅ ላይ ማስረከብ ይማራል፡፡ ከዚያ በኋላ የሚመጡት ከባዶቹ ትምህርቶች ናቸው፡፡ አንዱ መርጋት ነው፡፡ ይኸውም ጠመንጃ ሲጮኽ እየሰማ፣ ወፍ ስትወድቅ እያየ፣ ስሙ እስኪጠራ ድረስ ከተቀመጠበት አለመነቃነቅ፡፡ ሌላው ወፎቹ የወደቁበትን ቦታ፣ ሁለትም ሦስትም ቢሆኑ፣ በዐይኑ ለክቶ ማስታወስ ነው፡፡ የመጨረሻው ደግሞ ስትወድቅ ያላያትን ወፍ በባለቤቱ የእጅ ምልክትና ፊሽካ እየተመራ ማግኘት ነው፡፡ አንድ ፊሽካ ሲነፋ፣ መቶ ሜትር ርቆም ቢሆን፣ ዞሮ ቁጭ ብሎ ባለቤቱን ያያል፡፡ እጅ ወደ ቀኝ ከተዘረጋ ወደ ቀኝ፣ ወደ ላይ ከተነሣ ወደ ኋላ ይሄዳል፡፡ ተከታታይ አጫጭር ፊሽካ “ተመለስ” ማለት ነው፡፡

የአሜሪካ ኬኔል ክለብ እ.ኤ.አ. ከ1985 ጀምሮ ለሪትሪቨሮች የአደን ፈተና ይሰጣል፡፡ ጁኒየር፣ ሲኒየርና ማስተር የሚባሉ ሦስት ደረጃዎች አሉት፡፡ በመጀመሪያው ደረጃ ባለቤቱ ውሻውን በአንገት ማሰሪያው ሊይዘው ይችላል፡፡ በላይኞቹ ግን ውሻው ያለማሰሪያ ይቀመጣል፣ ባለቤቱም ባዶ ጠመንጃ ትከሻው ላይ ደግኖ እንደሚተኩስ ሰው ይሆናል፡፡ ይህ ባዶ ጠመንጃ ብዙ ይናገራል፡፡ ፈተናው አደንን ለመምሰል የቻለውን ያህል ይጥራል፤ ሆኖም ጠመንጃው ባዶ የሆነ ሰው ሐሳቡ በሙሉ ውሻው ላይ ነው፡፡ ጠመንጃው የጎረሰ ሰው ግን ሰማይ ሰማይ ነው የሚያየው፡፡

ችግሩም የሚመጣው ከዚህ ላይ ነው፡፡ ከንጋት በፊት የገቡበት መደበቂያ ጠባብ ነው፣ ጭቃ ነው፣ ብርድ ነው፡፡ ሕጉ ፀሐይ ከመውጣቷ ከግማሽ ሰዓት በፊት ጀምሮ መተኮስ ይፈቅዳል፤ ያቺ ሰዓት ስትደርስ ዳክዬዎቹም ይመጣሉ፡፡ ሦስት ሰው በአንድ ጊዜ ይተኩሳል፡፡ ሁለት ወፍ ትወድቃለች፡፡ ውሻው ማንም ሳይልከው ፈትለክ ይልና ዳክዬዋን ይዞ ይመጣል፡፡ ሁሉም ይስቃል፣ “ጎበዝ!” ይለዋል፣ ጀርባውን ይደባብሰዋል፡፡ እንግዲህ ለውሻው ትልቁ ደመወዝ ምስጋናው ሳይሆን አፉ ውስጥ የገባችው ዳክዬ ናት፡፡ ደመወዙ የተከፈለው ደግሞ ቀድሞ ላደረገው ነገር፣ ማለትም ያለ ትእዛዝ ለመውጣቱ ነው፡፡

“አንድ ቀን ነው፣ ምን አለበት” የሚለው ማባበያ የሚያሳስተው ለዚህ ነው፡፡ ስኪነር የተባለው አሜሪካዊ የሥነ ልቡና ተመራማሪ ከባልደረባው ፈርስተር ጋር እ.ኤ.አ. በ1957 ባሳተሙት ጥናት እንደታየው፣ አንዳንዴ ብቻ ዋጋ የሚያገኝ ባሕርይ ሁልጊዜ ዋጋ ከሚያገኘው ይልቅ ለመጥፋት ያስቸግራል፡፡ ውሻው ከአሥር አንድ ጊዜ ሮጦ ዳክዬ ካገኘ፣ ዘጠኙን ጊዜ ዕድሉን ይሞክራል፡፡ አባቶቻችን “ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል” ያሉት ለሌላ ጉዳይ ቢሆንም ለዚህም ይሠራል፡፡

ታዲያ ምን ይደረግ? እኔ አዲስ ውሻ ይዞ ለሚወጣ ሰው የምመክረው አንድ የማይወደድ ነገር አለ፡፡ የመጀመሪያውን ወቅት፣ ካልሆነም የወቅቱን የመጀመሪያ አምስት ስድስት ቀን፣ ጠመንጃውን ቤት ይተው፡፡ ባልንጀሮቹ ይተኩሱ፤ እርሱ ውሻውን ይያዝ፡፡ የአደን ፈቃድ አውጥቶ፣ ለፌዴራሉ የዳክዬ ቴምብር 25 ዶላር ከፍሎ፣ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ተነሥቶ፣ ሁለት ሰዓት መኪና ነድቶ የሰው ተኩስ ማየት ለብዙ ሰው አይዋጥም፡፡ ነገር ግን አንድ ሰው በአንድ ጊዜ ሁለት ነገር በደንብ አያይም፡፡ ውሻ ከመሮጡ በፊት ምልክት ይሰጣል፤ የፊት እግሮቹን ይሰበስባል፣ መቀመጫው ከመሬት ትንሽ ይነሣል፣ ጆሮው ይቆማል፡፡ ያቺን ቅጽበት አይቶ “ቁጭ” ያለ ሰው ውሻውን ሳይቀጣ ያርመዋል፡፡ ያላያት ሰው የሚያርመው የለም፡፡

ጠመንጃ የሚይዝ ከሆነ ደግሞ ውሻው ይታሰር፡፡ አጭር ማሰሪያ መሬት ላይ ከተተከለ ችካል ወይም ከመደበቂያው ምሰሶ ጋር ይበቃል፡፡ አጭር ያልኩበት ምክንያት አለኝ፡፡ ረጅም ገመድ ውሻው ሩጫ ጀምሮ በመካከል አንገቱን ይቀነጥሰዋል፣ የሰው እግርም ይጠልፋል፡፡ ሊልኩት ሲፈልጉ መጀመሪያ ይፍቱት፤ ተፈትቶም ቁጭ እንዳለ ጥቂት ይቆይ፣ ከዚያ ስሙ ይጠራ፡፡ መፈታትና መላክ ከተዋሐዱበት የማሰሪያው ድምፅ ራሱ ትእዛዝ ይሆንበታል፡፡ በጀልባ ወይም በውኃ ውስጥ ከሆነ ግን ታስሮ መቅረት አደጋ ስላለው በሰው እጅ መያዝ ይሻላል፡፡

የሚቀመጥበት ቦታም ብዙዎች የሚንቁት ጉዳይ ነው፡፡ አዳኞቹ በሸምበቆ ተሸፍነው፣ ውሻው ከኋላቸው ተጥሎ ምንም ሳያይ ተኩስ ብቻ ይሰማል፡፡ ወፏ የት እንደወደቀች የማያይ ውሻ ዐይኑን መጠቀም ይተውና ጆሮውን ይከተላል፤ ጠመንጃ ሲጮኽ መሮጥ ይጀምራል፡፡ ስለዚህ ሰማዩንም ውኃውንም የሚያይበት፣ ከአፈሙዝ ፊት ግን ያልሆነ ቦታ ይፈለግለት፡፡ ከጠመንጃ አፍ ፊት የተቀመጠ ውሻ በጥቂት ወቅት ጆሮው ይጎዳል፡፡

የሰው ጓደኝነትም የሚፈተነው እዚያው መደበቂያ ውስጥ ነው፡፡ በኛ ሥልጠና ውሻው ሲወድቅ ያያትን ወፍ እንዲያመጣ የሚላከው በገዛ ስሙ ነው፡፡ “ጉራች!” ካልኩ ሂድ ማለቴ ነው፡፡ እንግዲህ ባልንጀሮቼ ቡና እየጠጡ “ጉራች እንዴት አደርክ፣ ጉራች በረደህ ወይ” ሲሉት ምስኪኑ ውሻ ይንቀጠቀጣል፡፡ ስለዚህ መደበቂያ ከገባን በኋላ ስሙ “አንተ” ነው፡፡ ሌሎቹን ትእዛዞች በአማርኛ ማድረጌም ረድቶኛል፤ “ቁጭ” ከሚለው ቃል የበለጠ አጭርና ስለታም ትእዛዝ አላውቅም፣ ባልንጀሮቼም በስሕተት አይሉትም፡፡ ደንቡ ከመንጋቱ በፊት መኪናው ጋ ቆሞ ይነገራል፤ ውሻውን የሚያዝዘው አንድ ሰው ብቻ ነው፣ ውሻው ውኃ ውስጥ እያለ ማንም አይተኩስም፡፡ ያልሠለጠነ ውሻ ይዞ የሚመጣ ሰው ካለም ተራ ይገባል፡፡ አንዱ ውሻ ሲሠራ ሌላው ታስሮ ያያል፡፡ ይህን የማይቀበል ባልንጀራ ጋር ዓሣ ማጥመድ ይቻላል፣ ዳክዬ ግን ይቅር፡፡

ከዚህ በኋላ የሚመጣው ደንብ ለጀማሪ ግራ ያጋባል፡፡ የወደቀችውን ወፍ ሁሉ ውሻው አያመጣትም፡፡ ሞታ ፊት ለፊት፣ በፕላስቲክ ማታለያዎቹ መካከል የምትንሳፈፈውን ሰውየው ራሱ እስከ ደረት በሚደርሰው የጎማ ልብሱ ገብቶ ያነሣታል፤ ውሻው ተቀምጦ ያያል፡፡ ርቃ ሣር ውስጥ የወደቀችው ለውሻው ትተዋለች፡፡ እንዲህ ሲሆን “ወፍ ወደቀች ማለት የኔ ናት ማለት አይደለም” የሚለው ትምህርት በአደኑ ቀንም ይቀጥላል፡፡ የሚላከውም ሁልጊዜ በእኩል ጊዜ አይሁን፡፡ አንዴ አምስት ቆጥረን፣ አንዴ ሠላሳ፣ አንዴ ደግሞ ቡናው እስኪቀዳ፡፡

በዚህ ሁሉ ላይ የሚነሣ አንድ ከባድ ተቃውሞ አለ፤ እርሱም የቆሰለች ዳክዬ ጉዳይ ነው፡፡ ክንፏ ብቻ የተሰበረ ዳክዬ ትዋኛለች፣ ትጠልቃለች፣ ቄጠማ ሥር ገብታ ምንቃሯን ብቻ ከውኃ በላይ አድርጋ ትደበቃለች፡፡ ሠላሳ መቁጠር ማለት እርሷን ማጣት ነው፡፡ ማጣት ደግሞ ቀስ ብላ እንድትሞት መተው ነው፡፡ የአሜሪካ ፌዴራል ሕግም አዳኝ የመታውን ወፍ ለማግኘት ተገቢውን ጥረት እንዲያደርግ ያስገድዳል፡፡ ስለዚህ ብዙ አዳኞች “ለቆሰለች ወፍ ደንብ የለም፤ ውሻው ይሂድ” ይላሉ፡፡ ሐሳቡን አልንቀውም፤ ከርኅራኄ የመጣ ነው፡፡ ነገር ግን ውሻው ከዚህ የሚማረው “የምትንፈራገጥ ከሆነች ትእዛዝ አያስፈልግም” የሚለውን ነው፡፡ ከመቱት ወፍ አብዛኛው ሲወድቅ ደግሞ ጥቂት ይንፈራገጣል፡፡

መውጫው ሁለት ነው፡፡ አንደኛ፣ ወፏ ውኃ ላይ እንዳለች፣ ውሻው ሳይነቃነቅ፣ በሁለተኛ ጥይት ትጨረስ፡፡ ይህን የሚያደርገው ሰው አስቀድሞ ይመደብ፣ ከወፏ ጀርባም ሰውና ጀልባ አለመኖሩን ይይ፤ የብረት እንክብል ውኃ ላይ ይነጥራልና፡፡ ጠመንጃ ውስጥ ከሦስት ጥይት በላይ ማድረግ ሕጉ ስለማይፈቅድ የመጨረሻዋን ለዚህ ማቆየት ልማድ ቢሆን ጥሩ ነው፡፡ ሁለተኛ፣ ወፏ የምታመልጥ ከሆነ ውሻው ወዲያው ይላክ፡፡ ወዲያው ማለት ግን ያለ ትእዛዝ ማለት አይደለም፡፡ ቁጭ ብሎ ስሙ ከተጠራ፣ በመካከሉ አንዲት ሰከንድ ብቻ ብታልፍም፣ ሥልጠናው አልተነካም፡፡ ፍጥነት የሚያፈርሰው ነገር የለም፤ የሚያፈርሰው ውሻው ራሱን በራሱ ሲልክ ነው፡፡

ነገሩ የሥርዓት ጉዳይ ብቻ አይደለም፡፡ ዳክዬ ማታለያዎቹ ላይ ለማረፍ ስትወርድ ዝቅ ብላ፣ በሃያና በሠላሳ ሜትር ርቀት ነው የምትመጣው፡፡ ተኳሹ ዐይኑ ወፏ ላይ ተተክሎ አፈሙዙን ወደ ታች ሲያወርድ፣ ያለ ትእዛዝ የዘለለ ውሻ ጭንቅላቱ በዚያው መሥመር ላይ ይገኛል፡፡ የመርጋት ትምህርት ዋና ጥቅሙ ውሻውን በሕይወት ማቆየት ነው፤ የፈተና ሪባን ትርፍ ነው፡፡

ፊሽካን በተመለከተ ልምድ ያላቸው አሠልጣኞች የሚደጋግሙት ምክር ማስፈጸም የማትችለውን ትእዛዝ አትስጥ የሚል ነው፡፡ ልምምድ ሜዳ ላይ ፊሽካውን ችላ ያለ ውሻ ጋ ሄደው ያስቀምጡታል፡፡ በደረት ጥልቀት ባለው ጭቃና ውኃ ውስጥ፣ ሰማንያ ሜትር የራቀ ውሻን ማን ሄዶ ያስቀምጠዋል? አምስት ጊዜ የተነፋና አምስት ጊዜ ያልተሰማ ፊሽካ ውሻውን የሚያስተምረው ፊሽካ ጌጥ መሆኑን ነው፡፡ አንድ ጊዜ ይነፋ፤ ካልሰማ ዝም ተብሎ ይጠበቅ፣ ጉዳዩም ለሚቀጥለው ሳምንት ልምምድ ይያዝ፡፡ በብስጭት የኤሌክትሪክ ኮሌታውን ቁልፍ መጫን ከሁሉ የከፋ ነው፡፡ ውሻው ሕመሙን የሚያያይዘው ከፊቱ ካለው ነገር፣ ከውኃው ወይም ከያዛት ወፍ ጋር ሊሆን ይችላል፤ ወፍ መያዝ የፈራ ሪትሪቨር ደግሞ ምን ይሠራል?

በተቃራኒው በጣም የሚያዝዙ ሰዎችም ያጠፋሉ፡፡ ውሻው ወፏ ስትወድቅ አይቶ፣ ቦታዋ ደርሶ በአፍንጫው እየፈለገ እያለ ፊሽካ እየነፉ “ቀኝ፣ ግራ” ይሉታል፡፡ ከስንት ጊዜ በኋላ ውሻው መፈለጉን ይተውና በየአሥር ሜትሩ ዞሮ “አሁንስ ወዴት?” እያለ ባለቤቱን ያያል፡፡ ነፋስ የሚያመጣለትን ሽታ ከእኛ ይልቅ እርሱ ያውቃልና፣ ከቦታው ጨርሶ እስካልራቀ ድረስ ይተዉት፡፡

ወፏን ይዞ ሲመለስ ደግሞ የዳርቻው ነገር አለ፡፡ ከውኃ የወጣ ውሻ መጀመሪያ የሚፈልገው መራገፍ ነው፤ ለመራገፍ ወፏን መሬት ይጥላል፣ ያልሞተች ከሆነች ትሮጣለች፡፡ ጥሩው ዘዴ ሁለት ሦስት እርምጃ ወደ ውኃው ቀርቦ፣ ሳይራገፍ ተቀብሎት፣ ከዚያ እንዲራገፍ መፍቀድ ነው፡፡ ወፏን እየጎተቱ መቀማት አይገባም፤ ጉተታ የለመደ ውሻ አፉ ይጠነክራል፣ ወፏም ለወጥ የማትሆን ሆና ትደርሳለች፡፡

ብርዱን ሳልጠቅስ ባልፍ ደግ አይሆንም፡፡ በጥር የባሕረ ሰላጤው ውኃ ለበረዶነት ይቃረባል፡፡ የኒዮፕሪን ሰደርያ ደረቱን ይሸፍንለታል፣ ከውኃ ውጭ ከፍ ያለ ደረቅ መቀመጫም ያስፈልገዋል፡፡ መንቀጥቀጡ ካልቆመ፣ ወይም ለትእዛዝ የሚዘገይ ከሆነ፣ ያን ቀን እምቢተኛ ነው ብሎ መቅጣት ሳይሆን ወደ መኪና መውሰድ ነው፡፡ የደከመና የበረደው ውሻ ሥልጠናውን የረሳ ይመስላል፡፡ ለዚህ ነው እኔ ወጣት ውሻ ይዤ ስወጣ አራት አምስት ወፍ ካመጣ በኋላ፣ የተፈቀደው ቁጥር ባይሞላም፣ ገና በደንብ እየሠራ ሳለ የምመለሰው፡፡

እንዲህም ሆኖ አንድ ወቅት ያደነ ውሻ ሁሉ ትንሽ ይላላል፡፡ ጥገናው የሚሠራው በየካቲትና በመጋቢት ነው፡፡ አደኑ ልክ እንደነበረው ይዘጋጃል፡፡ ያው መደበቂያ፣ ያው ማታለያዎች፣ የዳክዬ ጥሪ፣ ተኩስ፣ የሚወረወር ወፍ፡፡ ልዩነቱ ጠመንጃውን ሌላ ሰው መያዙና ከአሥር ወፍ ሰባቱን ሰው ሄዶ ማንሣቱ ነው፡፡ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ማሰሪያው እንደ ክራር ጅማት ይወጠራል፡፡ ከሁለት ሦስት ሳምንት በኋላ ተኩሱ እየጮኸ ማሰሪያው ላልቶ መሬት ሲነካ፣ ያኔ መፍታት ይቻላል፡፡